«ውሃህን ቀይር»

ኮቦ መናኸሪያ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ጆንያ ተቀድዶ ማሽላው መሬት ለመሬት ይፈስስ ነበር። የዋጃው ሚኒባስ ረዳት «እማማ፣ ወይ ይጫኑት ወይ ይተዉት!» እያለ ይጮኻል። ከሰው መሐል አንድ ጎልማሳ ወጣና ቀበቶውን ፈትቶ የተቀደደውን ጥግ ሰብስቦ አሰረላቸው፤ ጆንያውንም ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ምርቃታቸው እየተከተለው፣ እየሳቀ ሄደ።

ጓንጉል ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። ሰውየው ካሊድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው ነበር። «በደግነትም ይቀድመኛል?» አለ ለራሱ።

ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤ ጓንጉል የኮቦ ልጅ ነው፣ ካሊድ የሮቢት። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየሄዱ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማሩ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አማካሪያቸው ዶክተር ወይንሸት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሰጧቸው፦ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ ማለትም የፕላስቲክ ዘመድ ከሆነ ነገር፣ ባትሪ መሥራት። በአንድ በኩል ጥቁር አረንጓዴው ፖሊመር፣ በሌላው በኩል የዚንክ ቆርቆሮ፣ መሐላቸው ደግሞ ፈሳሽ ይሆናል። ሥራው ጸንቶ የተገኘው ሰው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቀርቶ ምርምሩን ይቀጥላል። ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። ጓንጉል ያንን ቦታ በውኑም በሕልሙም ይመኘው ነበር።

የካሊድ ባትሪ ደጋግሞ ቢሞላም ቢራገፍም ትንሿን አምፖል ሳይታክት ያበራል። የጓንጉል ገና ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞላ ፈዘዘ፤ አረንጓዴው ፖሊመርም ወደ ሰማያዊ ሄደ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ባትሪ ጾም ያዘ እንዴ?» አለችው የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ የምትጠብቀው በላይነሽ። «የካሊድማ ፋሲካ ላይ ነው!»

«አንቺ መስኮትሽን ጥረጊ!»

ካሊድ ሰማያዊውን ጎንበስ ብሎ አየና «ወንድሜ፣ ውሃህን ቀይር። ሌላው ደህና ነው» ብሎት ወደ ክፍል ገባ።

የቱን ውሃ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ቅናት ግን ጆሮ ይደፍናል። ጓንጉል የባትሪውን ፈሳሽ ያዘጋጀው አፋሮች የሚያመጡትን አሞሌ ጨው በኮቦ የቧንቧ ውሃ አሟሙቶ ነው። በዚያ ጨው አድጓል፤ ጨውን መጠርጠር ከአእምሮው አልገባም። የኮቦ ውሃ ግን ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋግር ማንም ያውቃል። ስለዚህ በባጃጅ ጎብዬ ሄዶ አንድ ጄሪካን ውሃ አመጣ። ፈዘዘበት። ቀጥሎ «ምናልባት የአገሩ ውሃ ይሆናል ሚስጥሩ» ብሎ ሮቢት ወረደ። እሱም ፈዘዘ። የመምህራን ክፍሉ ሰዎች «ጓንጉል ጠላ ሊጠምቅ ነው» እያሉ ተሳሳቁበት።

በመጨረሻ ገነፈለ። «ላንተ የሰጡህ ፖሊመር ከእኔው የተሻለ ነው!»

«ወላሂ ከአንድ ብልቃጥ ነው የተካፈልነው። ካላመንከኝ የተረፈንን እንቀያየር።»

ተቀያየሩ። ሳምንት ሳይሞላ የጓንጉል ፖሊመር በካሊድ ፈሳሽ ውስጥ አረንጓዴ እንደሆነ አምፖሉን አበራ፤ የካሊድ ፖሊመር ደግሞ በጓንጉል ፈሳሽ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ፈዘዘ። ከእንግዲህ ማመካኛ የለም።

«ውሃህን ቀይር አላልኩህም?» አለ ካሊድ።

«ቀየርኩ እኮ! የጎብዬን አመጣሁ፣ የሮቢትን አመጣሁ…»

ካሊድ አፉን ከፍቶ አየው፤ ከዚያ ሳቁ አላስቆም አለው። «የምን ጎብዬ! ፈሳሹን ነው ያልኩህ፣ ኤሌክትሮላይቱን! የመኪና ባትሪ የሚሞሉት ሰዎች አሲዱን ውሃ አይደል የሚሉት?»

ፖሊመሩ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ያን ሲያጣ አረንጓዴነቱ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉንም ያቆማል። ኮምጣጣነቱ ከበዛ ደግሞ ዚንኩ ይበላል። ካሊድ የዚንክ ጨው በተጣራ ውሃ አሟሙቶ ጥቂት ጠብታ አሲድ ጨምሮበት ነበር። ይህን ሁሉ ጓንጉልም አንብቦታል፤ ሲያነብ ግን ልቡ የካሊድ አምፖል ላይ ነበር።

ያኑ ዕለት ጓንጉል ፈሳሹን ቀየረ፤ አምፖሉም በራ። ዶክተር ወይንሸት የመጡት ግን በማግስቱ ነው። የሁለቱን ሥራ አገላብጠው ካዩ በኋላ «የአንተ ገና ቡቃያ ነው ጓንጉል፤ የካሊድ አፍርቷል» አሉ። ካሊድ ሄደ፤ ጓንጉል ኮቦ ቀረ።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከሁለቱም መጽሐፍ እየተዋሰ የተማረ ነው፤ ስለ ሁለቱም ፈጣሪውን ያመሰግናል። ባለፈው እሑድ ጓንጉል ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አብሮት እየሄደ «እግዚአብሔር ለአንዱ ቀድሞ፣ ለአንዱ ዘግይቶ ይሰጣል» ቢለው፣

«ለእሱ ሁልጊዜ ቀድሞ ነዋ!» አለው ጓንጉል።

ከዚያ ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካሊድ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቦታ ሊከፈት ነው ይላሉ። አንተ ትደውልለት የለ? እስቲ በሞቴ ጠይቅልኝ። በእኔ ስም ግን እንዳይሆን፤ ለዘመድህ አድርገው። የሮቢት ልጅ ነው ካልከው ቶሎ ይመልስልሃል።»