የቢቸና ቧንቧና የሙሉ ሰርግ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። መሥሪያ ቤታቸው የከተማችንን የቧንቧ ውሃ አስመርምሮ ውጤቱን ለሠራተኞቹ ልኮላቸዋል። ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል የነገሮቹ ስም ተደርድሯል፤ ናይትሬት፣ ፍሎራይድ፣ እርሳስ፣ ባክቴሪያ። መሀሉ ላይ «የተገኘው»፣ በቀኝ በኩል «የተፈቀደው ወሰን» ይላል።

«እማዬ፣ ይሄ ናይትሬት የሚሉት ወሰኑ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንጠጣው ወይስ እንተወው?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ወሰኑን አላለፈም፤ መጠጋቱ ግን እውነት ነው። «ጠጪ፤ ግን ደግመው እንዲለኩት ጠይቂ» አልኳት። እሷ ረክታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ቢሆንም እነዚያን ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር ልቤ ቢቸና ይሄዳል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የውሃ ምርመራ ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ማርቆስ ከተመደብኩ ገና መንፈቄ። ሥራዬ በየከተማው እየዞሩ የቧንቧ ውሃ መመርመር ነበር። መሣሪያዬ ሁሉ በአንድ የብረት ሳጥን ይገባል፤ ጠርሙሶች፣ ማጥለያ፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያህሉ ትናንሽ ሳህኖችና በባትሪ የምትሠራ ማሞቂያ። ውሃው በስስ ወረቀት ይጠለላል። ወረቀቱ ሳህኗ ላይ ተኝቶ ማሞቂያው ውስጥ ያድራል። ውሃው ውስጥ ከሰው ወይም ከከብት ዓይነ ምድር የመጣ ጀርም ካለ፣ ሲነጋ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ መቁጠር ነው። ለሌላው ነገር ሁሉ ይህን ያህል ይፈቀዳል የሚባል ቁጥር አለ፤ ለዚህኛው ግን አንድም አይፈቀድም።

ስወጣ አለቃዬ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር። «ውጤት የሚነገረው በደብዳቤ፣ በቢሮ በኩል ነው። ሜዳ ላይ አፍሽን ከፍተሽ ሕዝብ እንዳታሸብሪ።» በዚያ ዘመን «ሕዝብ ማሸበር» ቀላል ቃል አልነበረም። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

ወሩ ጥር ነበር። ከደጀን ከተገነጠልን በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጫል። አውድማው ሁሉ በጭድ ክምር ቢጫ ሆኗል። ሾፌሩ ጋሽ ሥዩም፣ ጢማቸው የሸበተ ቀልደኛ ሰው፣ የሽምብራ እሸት ባዩ ቁጥር መኪናዋን ያቆማሉ። «ሞተሩ ይረፍ» ይላሉ፤ ከገበሬው ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው አንድ እቅፍ እሸት ይዘው ይመለሳሉ። ሽምብራውን ከነቅጠሉ እየፈለፈልን፣ ከንፈራችን ኮምጥጦ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቢቸና ገባን።

የከተማው ውሃ ጠባቂ ጋሽ ዳምጤ ይባሉ ነበር። ጠባቂም፣ ቧንቧ ሠራተኛም፣ አለቃም እሳቸው ናቸው። ወገባቸው ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ከሩቅ ይሰማል። ገና ከመኪና ሳልወርድ በጣሳ ውሃ አቀረቡልኝ።

«ቅመሺው፣ ልጄ። የሞጣ ሰው ይህን ውሃ ከጠጣ አገሩ መግባት ያቅተዋል።»

ሞጣን ያነሱት በምክንያት ነው። ልጃቸው ሙሉ በሚመጣው እሑድ አንድ የሞጣ አስተማሪ ልታገባ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል የማን ውሃ ይሻላል የሚለው ክርክር ከሽምግልናው ጊዜ ጀምሮ አላባራም። ሙሉ እኩያዬ ነበረች። ሙሽራ ቤት ትቀመጥ ቢሏት እምቢ ብላ ሳጥኔን ተሸክማ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ዞረች። ከምንጩ አንድ ጠርሙስ፣ ከማጠራቀሚያው አንድ፣ ከብት ተራው አጠገብ ሕዝቡ ከሚቀዳበት ቦኖ አንድ ቀዳን። የቦኖውን አፍ በእሳት ሳቃጥል፣ «ቧንቧውን ጠብሰሽ ልትበይው ነው?» ብላ በሳቅ ወደቀች። ውሃዎቹን እዚያው አጥልዬ ሳህኖቹን ማሞቂያው ውስጥ ከተትኩና ወደ ሞጣ ጉዞ ቀጠልን።

ዓርብ ጠዋት ሞጣ፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። የምንጩ ወረቀት ነጭ ነው። የማጠራቀሚያውም ነጭ። የቦኖውን ስከፍት ግን ቢጫው ዓይኔን ወጋኝ። ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። ደግሜ ስቆጥር ሠላሳ ሁለት ሆነ።

ጋሽ ሥዩም ሻይ በዳቦ እየበሉ ነበር። አሳየኋቸው።

«በደብዳቤ ይነገራቸዋላ» አሉ።

«ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ነው። ሰርጉ እሑድ ነው፣ ጋሼ። ለልጆች ብርዝ የሚበጠብጡት በዚህ ውሃ ነው፤ ማሩን በጥሬ ውሃ በጥብጠው ነው የሚሰጧቸው።»

ዳቧቸውን አኝከው ጨረሱ። ከዚያ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና፣ «ለመመለሻ የሚሆን ነዳጅ አለን» አሉ።

ስንነሣ ሁለት ወጣቶች ሮጠው መኪናዋን ያዙ። የሙሽራው ሚዜዎች ናቸው፤ ማርና ቅቤ ይዘው ቀድመው ቢቸና መድረስ አለባቸው፤ አውቶቡስ አጥተዋል። ጫንናቸው። መንገዱን ሙሉ የሞጣን ውሃ ሲያሞግሱ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲያጨበጭቡ፣ እኔ ሳጥኔን ጭኔ ላይ አድርጌ የምናገረውን ቃል አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ከእንጀራዬ ብባረርስ? ሽማግሌው ቢያለቅሱስ?

ጋሽ ዳምጤ ግቢ ውስጥ ዳስ እየተጣለ ነበር። ለብቻቸው ጠርቼ ነገርኳቸው። ሳህኗንም አሳየኋቸው።

«ከጭንጫ ላይ የሚፈልቅ ውሃ? የእኔ ውሃ?»

«ምንጩ ንጹሕ ነው፣ አባባ። ማጠራቀሚያውም ንጹሕ ነው። የተበላሸው ከዚያ እስከ ቦኖው ባለው መንገድ ላይ ነው።»

«ልጄ፣ ከነገ ወዲያ አገር ምድሩ እዚህ ይመጣል። የሞጣ ሰው ይመጣል። ዛሬ ይህን ትነግሪኛለሽ?»

«ለእርስዎ የነገርኩት አለቆቼ ሳያውቁ ነው። እንዳልናገር ታዝዣለሁ።»

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ የቁልፎቹ ድምፅ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። ሰርግ አበላሸሁ ብዬ ዳሱ ሥር ቁጭ አልኩ። ሙሉ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከአጥር ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች።

«አባቴ ሲከፋው የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ወደ ቧንቧው ነው» አለችኝ። እጄን ይዛ አስነሣችኝ።

ከብት ተራው ዳር መሬት ላይ ተንበርክከው አገኘናቸው። አንድ ረጅም የፌሮ ብረት አፈሩ ላይ ተክለው፣ ጫፉን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ስንደርስ ዝም እንድንል በእጃቸው ምልክት ሰጡን፤ ከዚያ ፌሮውን ለእኔ ሰጡኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከመሬት ውስጥ ስስ የፉጨት ድምፅ ሰማሁ። ዙሪያችንን አየሁ። በጥር ፀሐይ ሁሉ ነገር ደርቆ አመድ መስሎ ሳለ፣ እዚያች ቦታ ላይ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ሣር ለምልሟል። ከሣሩ ሥር ከብቶች የረገጡት፣ ፋንድያና ሽንት የተቀላቀለበት ጭቃ አቁሯል።

«እኔ እኮ» አሉ ጋሽ ዳምጤ ቀስ ብለው፣ «ይህን ሣር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።»

በበጋ ምንጩ ስለሚቀንስ ጋሽ ዳምጤ ማታ ማታ መስመሩን ይዘጉታል፤ ማጠራቀሚያው እንዲሞላ። ውሃ ሲኖር በተሰነጠቀው መገጣጠሚያ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲዘጋ ግን የቀረው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ባዶው ቧንቧ ጭቃውን ይምጋል። ለከተማው አዝነው ውሃውን መቆጠባቸው ነው ያበላሸው። ይህን ስነግራቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«የጎረቤቶቻችን ልጆች ከታኅሣሥ ጀምሮ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ሽምብራ እሸት ነው ስንል ነበር» አሉ። እኔም ያን ሁሉ ሽምብራ በልቼ ደህና እንደሆንኩ ትዝ አለኝ፤ ምስኪን ሽምብራ፣ ያለ ጥፋቱ ተወንጅሏል።

ከዚያ ተነሡና ያደረጉትን አልረሳም። በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄደው፣ «ቧንቧዬ ተሰንጥቋል፤ ጭቃ እየገባበት ነው፤ እኔው ነኝ ያገኘሁት። እስከ እሑድ ማንም ከቦኖው እንዳይጠጣ አስለፍፍልኝ» አሉ። የእኔን ስም አላነሡም። ወዲያው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በየመንደሩ ጮኸ።

ቅዳሜ ጠዋት ቢቸና ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ ወደ ምንጩ ወጣ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በአህያ ጭነው የሰርግ ዘፈን እየዘፈኑ፣ ሽቅብ በሰልፍ። ግማሹ ከብት ተራው ላይ ቁፋሮ ያዘ። የሞጣዎቹ ሚዜዎች ለሰርጉ ያሰፉትን ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። «የቢቸናን ውሃ ያዳነ የሞጣ ልጅ ነው! ይህ ይጻፍ!» ይላል አንዱ። «ገና የእናንተንም ውሃ ሳጥኗ ውስጥ እናስገባዋለን» ይላሉ ጋሽ ዳምጤ ከላይ ሆነው። ስንጥቁ ተገኘ፤ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ። ጭቃው ተጠረገ፣ ቦታው ታጠረ። እኔ ማጠራቀሚያው ውስጥ ክሎሪን ጨመርኩ። ውሃው ብዙ ከፈሰሰ በኋላ አዲስ ናሙና ቀዳሁ። የማሞቂያዬ ባትሪ ስለደከመ ጋሽ ሥዩም የመኪናቸውን ፈትተው ሰጡኝ።

እሑድ ጠዋት ሳህኗን ስከፍት ዙሪያዬን የቆመው ሰው ሙሽራውን የሚጠብቀውን ያህል ነበር። ሙሉም ጸጉሯን ግማሹን ብቻ ተሠርታ ከሙሽራ ቤት አምልጣ መጥታለች። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት።

«ስንት?» አሉ ጋሽ ዳምጤ።

«ዜሮ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ዜሮ? ልጆቼ ዜሮ ሲያመጡ እኮ እቆጣ ነበር።»

«በዚህ ፈተና አንደኛ የሚወጣው ዜሮ ያመጣ ነው፣ አባባ!»

እልልታው ከየት እንደፈነዳ አላውቅም። ጋሽ ዳምጤ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ ቀጥለው ሳይታሰብ ጋሽ ሥዩምን ሳሙ፤ ከዚያ ሳጥኑን። ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲደርስ አማቱ የተቀበሉት በቃለ በረከት ሳይሆን «ዜሮ ነው! ዜሮ!» እያሉ ነበር፤ ልጁ ስለ ጥሎሹ የተናገሩ መስሎት ደነገጠ። ከሞጣ የመጡ አንዲት አክስት እጃቸውን በቧንቧው ውሃ ታጥበው አሸተቱና፣ «ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል» አሉ፤ እሱም ሌላ የሳቅ ርዕስ ሆነ። ልጆቹ በምንጭ ውሃ የተበጠበጠውን ብርዝ ጢም እስኪያወጣላቸው ጠጡ። እኔ ጭፈራ የማላውቅ ልጅ ትከሻዬ እስኪዝል ጨፈርኩ።

በሳምንቱ የሞጣን ውሃ መረመርኩ። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም ሞጣ ወዳጆች አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ ስመለስ ለአለቃዬ እኔው ነገርኩት። መደበቅ አልቻልኩም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። «አሁን ንጹሕ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «እንግዲያው ሪፖርቱ ላይ ጠባቂው አይቶ፣ ጠባቂው አስጠገነ ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛ ግን እንዳይለምድሽ።» ለመደኝ፤ እሱም እንደሚለምደኝ ያወቀ ይመስለኛል።

ልጄ ከጓዳ ተመልሳ ስልኳን ስትቀበለኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ባትነግሪያቸው ኖሮስ?» አለችኝ።

ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሰርጉ ያልፍ ነበር። ምናልባት ጥቂት ልጆች ይታመሙ ነበር፤ ምናልባት ማንም ምንም አይሆን ነበር፤ ቢታመሙም ሽምብራው ይወቀስ ነበር። ደብዳቤው በሁለት ሳምንቱ ይደርስ ነበር፤ በሕጉ መሠረት እኔን የሚወቅሰኝ ሰው አይኖርም። ግን እዚያ ዳስ ውስጥ፣ እነዚያ ልጆች ጣሳቸውን ይዘው በፊቴ ሲሮጡ፣ እኔ የት አያለሁ? መሬት መሬቱን ነበር የማየው። በሕይወቴ ብዙ ሰርግ በልቻለሁ፤ ቀና ብዬ፣ ሁሉንም ፊት አንድ በአንድ እያየሁ የጨፈርኩት ግን ያንን ነው።