የሰርካለም ሁለተኛ ዓይን

ይርጋለም ደክሟታል። አንድ ሌሊት ተኝተው የሚገላገሉት ድካም እንዳይመስላችሁ! አራት ወር ደብረ ብርሃን፣ ብርድ በማይጠፋባት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጋቢ ደርባ ኮምፒውተር ፊት ተጎልታ የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ስትሠራ ከርማለች። ሦስት ደቂቃ! ሰው ሲሰማ ይሥቃል። ለአንዲት ሰከንድ ዐሥራ ሁለት ሥዕል እንደሚያስፈልግ ማን ይንገረው?

ፊልሙ በአንኮበር ገጠር ላሉ ነፍሰ ጡሮች የሚታይ ነው። አንዲት ሴት ቀኗ ሳይደርስ ጓዟን ሸክፋ ጤና ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ትወርዳለች። ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ እጁን አንሥቶ ሊያስቀራት ይሞክራል። እሷ ግን ትሄዳለች፤ ልጇንም ታቅፋ ትመለሳለች። ቃል የለበትም፤ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። ሴትዮዋ ስትፈራ ተራራው ይገዝፋል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ስትበረታ መንገዱ ይሰፋል፣ የገብሱም ማሳ ይፈካል።

የሴትዮዋ መልክ የሰርካለም ነው። ሰርካለም የይርጋለም ታላቅ እኅት ነበረች፤ ከሰባት ዓመት በፊት እቤት ስታምጥ ቆይታ ከነልጇ ቀረች። ይርጋለም ይህን ላሠሯት ሰዎች አልነገረችም። መልኳን የሣለችው በሥዕል እንኳ ጤና ጣቢያ ትድረስልኝ ብላ ነው።

ፊልሙ ሰኞ ይላካል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረዋት ለሚኖሩት አባቷ፣ ለመሪጌታ ገብረ ሕይወት አሳየቻቸው። መሪጌታ አርባ ዓመት በአንኮበር ዙሪያ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ምነው ልጄ፣ ይቺን ሴት ከኃጥኣን ደመርሻት?» አሉ።

«ምን አደረግኩ አባዬ?»

«አንድ ዓይን ብቻ ሰጥተሻታላ! ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል እኔ ቤት አድገሽ ጠፋሽ? ያገራችን ሴት ግድግዳው ላይ ስታይ የኖረችው ይሄንኑ ነው። ይቺን አምና አትከተላትም።»

ይርጋለም ክው አለች። ብሩሽ እያጠበችላቸው ያደገችበት ነገር እኮ ነው! ግን በጎን የሚሄድ ሰው ለሥራ ይቀላል፤ አንዱን እርምጃ እየደጋገሙ ማስኬድ ነው። ድካም አዘናጋት፣ ሌላ ምን ይባላል።

አባቷ አልጨረሱም። ፊልሙን ወደ ኋላ አስመለሱና ሽማግሌው ጋ ሲደርስ አስቆሙት። ሽማግሌው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ እያየ፣ እጁን አንሥቶ ተቀምጧል። አፍንጫቸውን ወደ ተነሣው እጅ አስጠጉ።

«ይሄ እጅ የኔ ነው» አሉ።

ያን የምጥ ዕለት የሰርካለም ባል ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ቃሬዛ አስይዞ ሲመጣ፣ እጃቸውን አንሥተው «ማርያም ትፈታታለች፣ እንጠብቅ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በቤቱ ያነሣው የለም።

«እሷን ወደ እኛ አዙሪያት» አሉ። «እኔን በጎን አድርጊኝ። አንዱን ዓይኔን አጥፊው።»

እሑድን ስትሥል ዋለች። ወገቧ ተቆረጠ፣ ጣቷ ደነዘዘ። በሚደጋገሙት የእርምጃ ሥዕሎች ሁሉ የሰርካለምን ፊት ወደ ተመልካቹ መለሰች፣ ሁለተኛ ዓይኗንም ሰጠቻት። ሽማግሌው ጋ ስትደርስ አንዱን ዓይን አጠፋችው። ባዶውን ቦታ ብታየው እንባዋ መጣ፤ መልሳ ሣለችው።

ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ስክሪኑ ላይ ተደፉ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። «እሰይ፣ የኔ እናት!» አሉ። ቀጥለው ራሳቸውን ፈለጉ። ሁለቱም ዓይን እንዳለ ነው።

«አልታዘዝሽኝም» አሉ።

«ደክሞኛል አባዬ» አለች ይርጋለም።