ወይራው ላይ የወጣው ጠንበለል

የጠንበለል አበባ ሽታ ሌላውን ሰው ደስ ያሰኘዋል። እኔን ግን ባለፈው ጥቅምት አስደነገጠኝ። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ እናቴን ልጠይቅ አንኮበር ሄጄ፣ ገና አጥራችን ጋ ሳልደርስ ያ ሽታ ተቀበለኝ። እንደዚያ በርትቶ ሸቶኝ አያውቅም። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጆች ሳለን እኔና ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ዛፍ መለየት የተማርነው እንጨት ለቀማ ስንሄድ ነው። እማዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ጫካ ታስገባንና «ጨፍኑ» ትለናለች። ከዚያ ቅጠል በመዳፏ አሽታ አፍንጫችን ሥር ትይዝና የዛፉን ስም ትጠይቀናለች። ጥዱ ወዲያው ይታወቃል። ቀጋን ማሽተትም አያስፈልግ፤ ቀሚሴን በእሾሁ ይዞ አላስኬድ ሲለኝ አውቀዋለሁ። እምቧጮማ ገና ስናየው ልጠን፣ ጎምዛዛውን አገዳ አኝከን ስለምንጨርሰው ለፈተና አይተርፍም ነበር። የተሸነፈ የአሸናፊውን ሸክም ደርቦ ይመለሳል። አስናቀ ችኩል ነው፤ ቅጠሉ አፍንጫው ጋ ሳይደርስ ስም ይጠራል። እናም ብዙ ጊዜ እኔ ባዶ እጄን እየዘለልኩ ስገባ፣ እሱ ሁለት እስር ተሸክሞ ከኋላዬ ያጉረመርም ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ አስናቀ ከጓሯችን ወይራ ላይ ወርዶ፣ እጁ ሙሉ ነጭ አበባ ይዞ፣ «ወይራችን አበበ! ሽቱ ሽቱ ይላል!» እያለ መንደሩን አዳረሰው። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ሁለታችንንም እጃችንን ይዛ ከዛፉ ሥር አንበረከከችን። ከወይራው ግንድ ጎን እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሌላ ቀጭን ግንድ ነበር።

«ይኼ ጠንበለል ነው፣ ሐረግ። ወይራውን ተደግፎ ነው የወጣው፣ አበባውም የሱ ነው። ዛፍ ስታዩ መጀመሪያ እታች እዩ። ቅጠሉ ከየትኛው ግንድ እንደመጣ ተከትላችሁ ድረሱበት» አለችን። ከዚያ የወይራውን ቅጠል ገልብጣ ቡናማ ጀርባውን አሳየችን። የጠንበለሉ ጀርባ እንደ ፊቱ አረንጓዴ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአስናቀ ስም በሰፈሩ «ጠንበለል» ሆኖ ቀረ። እሱም በሐረጉ ቂም ያዘ። ክረምት በወጣ ቁጥር ማጭድ ይዞ ይወጣና «ወይራው ይተንፍስ!» እያለ ይከረክመዋል። አድጎም ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠም።

በኋላ ሥራ አጥቶ ዓመታት ተቀመጠ። አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ባሕር ማዶ ሥራ ሊፈልግ በቆላው በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ። ከባሕሩ ዳር ደወለና፣ «እማዬ፣ ነገ በጀልባ እንሻገራለን። ጠንበለሉን መጥቼ እቆርጠዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። አብረውት ከሄዱትም የተመለሰ የለም።

እማዬ ያችን ቀልድ እንደ አደራ ያዘቻት። ጎረቤት ሐረጉን ልቁረጥልሽ ሲላት ትቆጣለች። «ቆራጭ አለው። ደግሞስ ወይራው ለምልሞ የለም እንዴ? ልጄም እንዲሁ ደህና ነው» ትላለች። ምን ይባላል?

ባለፈው ጥቅምት ጓሮ ስገባ ወይራው ከእግሩ እስከ ራሱ ነጭ ለብሷል። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ እያደነቀ ያልፋል። እኔ ግን ተጠግቼ አንድ ቅጠል ገለበጥኩ። ጀርባው አረንጓዴ ነው። ሌላ ገለበጥኩ፣ ደግሞ ሌላ። አጎንብሼ ግንዱን ስነካው ልጡ እጄ ላይ ረገፈ፤ ውስጡ ደርቋል። ወይራ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ከሞተ በኋላም ቆሞ ይቆያል። ያ ሁሉ ልምላሜ የጠንበለሉ ነበር።

ምነው ባላወቅሁ አልኩ። እንደ መንገደኛው አድንቄ ባልፍ ምን ነበረበት? ያኔ ዛፉን የለየ ሸክሙን አስናቀ ላይ ጥሎ እየዘለለ ይገባ ነበር። አሁንም ለየሁት፤ ሸክሙን የምጥልበት ግን የለኝም።

እማዬ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። ዓይኗ ዛሬም ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል። እዚሁ ዛፍ ሥር አንበርክካ ያስተማረችኝ እሷ ሆና፣ እኔ ያየሁት እንዴት ይሰወራታል? ቀና ብላ አበባውን እያየች፣ «ዘንድሮ እንዴት እንዳማረበት አየሽው?» አለችኝ።

እጄ አሁንም ግንዱ ላይ ነበር። ዝቅ ብላ እጄን አነሳችና የረገፈውን ልጥ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ወደ ላይ እዪ ልጄ» አለችኝ። «እታች አትዪ።»