ከሸምሲያ እጅ የወጣ ፎቶ

ጎንደር አዲስ ዓለም ሠፈር ሴት ፎቶ አንሺ ማለት ሸምሲያ አብዱልመናን ናት፤ ሌላ አልነበረም። ወንድ ፎቶ አንሺማ ሞልቷል፤ ግንቡ በር ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ እንግዳ የሚጠብቀው ብቻ አንድ ሠፈር ይሞላል። የሙስሊም ሠርግ ግን የሴቶች ወገን ወንድ አያስገባም። እዚያ ካሜራ ይዛ የምትገባው እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ሐረገወይን እባላለሁ፤ ከሸምሲያ ጋር ግድግዳ የምንጋራ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ስንሆን እሷ በረመዳን እኔ ምሳዬን ስበላ ታየኛለች፣ እኔ በሁዳዴ የእሷ ሥጋ ወጥ ይሸተኛል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። በሌላ በሌላው ተጣልተናል።

ሥራውን የጀመረችው ባሏ ሲሞት ጥሎላት በሄደው ካሜራ ነው። ያን ጊዜ ፊልም ነበር፤ ፊልሙን ደግሞ የሚያጥቡት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሸምሲያ ካሜራዋን ባነሳች ቁጥር ሴቱ ሁሉ ሻሹን ወደ ፊት ይስባል። ከእነዚያ ፎቶዎች ጥቂቶቹን አሳይታኛለች። ሁሉም እስከ አገጩ ተሸፋፍኖ ሲታይ ሠርግ ሳይሆን ለቅሶ ይመስላል።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም ጂዳ ያለ ወንድሟ ዲጂታል ካሜራና ትንሽ ማተሚያ ላከላት። ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። «ፊልም አጣቢ የለም፤ እኔው አነሳለሁ፣ እኔው አትማለሁ፣ እኔው አጠፋለሁ። የወንድ ዓይን አያየውም» ትላቸዋለች። በዚህች አነጋገር እንጀራዋን በላች። ሙሽሮች ጸጉራቸውን ፈትተው መነሳት ጀመሩ፤ አክስቶች እየጨፈሩ ተነሡ። አንዲት አሮጊት ፎቶዋን አይታ «እኔ እንዲህ እስቃለሁ እንዴ?» ብላ ስትገረም በዓይኔ አይቻለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ፎቶ አልሾለከም። «የሸምሲያ ፎቶ ከሸምሲያ እጅ አይወጣም» ማለት በሠፈሩ የታወቀ ነገር ሆነ። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ማን ደስ አይለውም?

በሁለት ሺህ አምስት የሠፈራችን ልጅ ዐዚዛ አገባች። የሃያ ስድስት ዓመት አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከማሉዲን አዘዞ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የሒናው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዐዚዛ ሸምሲያን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«አንድ ለብቻዬ አንሺኝ፤ ለከማሉ ብቻ የምሰጠው» አለቻት። ኒካው ታስሯልና ባሏ ነው። ጸጉሯን ለቀቀች፣ ትከሻዋን ገለጠች፣ በስስ የውስጥ ልብስ ሆና ተነሳች። ሸምሲያም አራት አምስት ጊዜ አነሳቻት። በማግሥቱ እንድትመርጥ ብላ ፎቶዎቹን ወደ ራሷ ሞባይል ገልብጣ አሳየቻት። ዐዚዛ አንዱን መረጠች፤ ታትሞ በፖስታ ተሰጣት። ከካሜራው ተሰረዘ፤ ከሞባይሉ መሰረዙ ግን ተረሳ።

ያኔ ዘፈን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሞባይሉን ሜሞሪ ነቅሎ ለዘፈን ጫኚ ይሰጣል፤ ጫኚው ከኮምፒውተሩ መቶም ሁለት መቶም ዘፈን ጭኖ ይመልስለታል። ሸምሲያም ለመውሊድ መንዙማ ልታስጭን ሜሞሪዋን ነቅላ ሰጠችና ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ገባች። ፎቶ ያለበት ፖስታ ቢሆን አንገቷን ቢቆርጧት ለወንድ አትሰጥም ነበር። ይህቺ ግን ጥፍር የምታህል ነገር ናት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ሱቋ በር ላይ ቆመ። አስማረ ይባላል፤ አዲ አርቃይ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«ሸምሲያ የሚሉዎ እርስዎ ነዎት?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ ምነው?»

«ዘፈን አስጭኜ ነበር። ብከፍተው የማላውቃት ሴት ፎቶ አብሮ አለበት። ከመኻሉ የእርስዎ ሱቅ ማስታወቂያ አለ፤ እሱን አይቼ ነው የመጣሁ።» መሬት መሬቱን ያያል። «እኔም እኅት አለችኝ። ከእኔ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ግን እዚያ ቤት ያስጫንሁ እኔ ብቻ አይዶለሁም።»

ስልክ ቁጥሩን ትቶልን ሄደ። ሸጋ ሰው ነበር።

ወዲያው ተያይዘን ዘፈን ጫኚው ዘንድ ሄድን። እሱም ክፉ ሰው አይደለም። «ሜሞሪሽ ቫይረስ ነበረበት» አላት። «ያለውን ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ፣ ሜሞሪውን አጽድቼ፣ ፎቶውንም መንዙማውንም ጭኜ መለስሁልሽ።» ግልባጩ ግን ከዘፈኖቹ ጎን ተቀምጦ ቀርቷል። ደንበኛ መጥቶ «ያለውን ሁሉ ጫንልኝ» ሲለው አብሮ እየጫነው ኖሯል።

«ለስንት ሰው ጫንከው?» አለች ሸምሲያ።

«እኅቴ፣ የገበያ ቀን ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቂው የለ?» አለ። ደነገጠና እዚያው ፊታችን ሰረዘው። የእሱ ጠፋ፤ የሌላው የት የት እንዳለ ማን ያውቃል።

ስንመለስ «ሄጄ ለዐዚዛ እነግራታለሁ» አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ከሰው ሞባይል ይጠፋ ይሆናል። ነግረሽ ትዳሯን ልትበጠብጪ ነው? ደግሞስ በምን ልትበዪ ነው?» አልኳት። ይህን አፌ ተናግሮታል፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሷም ፈርታ ነበርና ምክሬ ተስማማት።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት እናት ሙሽራ ልጇን ይዛ ቀን ልታሲዝ መጣች። «መቼም ያንቺን እናውቃለን፤ የወንድ ዓይን አያየውም አይደል?» አለቻት፤ ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ መልሱን ታውቀዋለች። ሸምሲያ የቀጠሮ ደብተሯን ዘጋችው። «እኅቴ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለቻት። ሱቋን ቆልፋ ወደ አዘዞ ሚኒባስ ስትሄድ እኔም ጥፋቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ተከተልኳት።

ዐዚዛ ካገባችበት ቤት ስንደርስ በሩን የከፈቱልን እትዬ ሃጂራ ናቸው፤ የከማሉዲን እናት። ሸምሲያን ሲያዩ ሁለት እጇን ያዟት። «ደግ መጣሽ! እኔው ራሴ ልመጣ ነበር፤ ስምሽ መነሳቱን ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ብዬ» አሉ።

«ዐዚዛስ?» አለች ሸምሲያ።

«እናቷ ቤት ናት፤ ሳምንት ሆናት። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዕራቁት ለመሆን ምንም ያልቀራት ፎቶዋ በሰው ሞባይል ተገኘ። የከማሉ ወንድም ነው ያየው። ለማን ላክሽው ብንላት፣ ለማንም አልላክሁ፣ ያነሳችኝ ሸምሲያ ናት አለች። ይህን ስትል ነው የባሰ የነደደኝ! የሸምሲያ ፎቶ ከሸምሲያ እጅ እንደማይወጣ አገር ያውቀዋል። የራሷን ጉድ ባንቺ ልትለጥፍ?»

የሸምሲያን ፊት ማየት አቃተኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ስም ዐዚዛን ውሸታም አድርጎ ከቤቷ አስወጥቷታል።

«እትዬ ሃጂራ፣ እውነቷን ነው» አለች። «ከእኔ እጅ ነው የወጣው።»

እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልታስታርቂ ብለሽ ነው። ደግ ሴት ነሽ።»

«ወላሂ ከእኔ ነው!»

አላመኗትም። ሰው ጥፋቱን እንዲያምኑለት ሲለምን ያን ቀን አየሁ። ከማሉዲን ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። ሸምሲያ ከሒናው ዕለት ጀምራ እስከ ዘፈን ጫኚው ድረስ ያለውን ምንም ሳታስቀር ተናገረች፤ እኔም መሰከርኩ። ያም አልበቃ ሲላት አስማረ ጋ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ እሱም ያየውን ደገመላቸው። ያን ጊዜ እትዬ ሃጂራ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከማሉዲን ቆሞ ቀረ። «ለእኔ ብላ ነው የተነሳችው» አለ። «ፖስታውን በእጇ ነው የሰጠችኝ። ሌላው ባያምናት እኔ ላምናት ይገባኝ ነበር።»

ያኔውኑ ተነሥተን አዲስ ዓለም ወደ ዐዚዛ እናት ቤት ሄድን። ዐዚዛ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች አገኘናት፤ ከስታለች። እትዬ ሃጂራ በዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው «ዐውፍ በይኝ ልጄ» አሏት። ከማሉዲን ደብተሮቹን ከፊቷ አንሥቶ ይሰበስብ ጀመር። ዐዚዛ አማቷን ቀና አድርጋ ሳመቻቸውና ልብሷን በቦርሳ ልትከት ወደ ውስጥ ገባች።

ስትወጣ ሸምሲያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ዐውፍ በይኝ» አለች እሷም፤ እንባዋ ይወርዳል።

ዐዚዛ አልተቆጣችም። «ፎቶው መሾለኩን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት ረጋ ብላ።

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ።»

«እኔ ከቤቴ ከወጣሁ ሰባት ነው» አለች ዐዚዛ፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ከባሏ ኋላ ሄደች።