ባለሽርጡ የወደብ ሠራተኛ

በኦባን ወደብ የመርከብ ገመድ የሚያስረው ሰውዬ፣ ዝናብም ቢሆን የአገሩን ወንዶች የባህል ልብስ፣ ባለዳማውን የሱፍ ሽርጥ እንደለበሰ ነው። ቲኬት ሻጯ ኢሽቤል በመስኮቷ ታየዋለች። ትናንት አለቃው፣ "ነገ ሱሪ ለብሰህ ካልመጣህ እዚያው ቤትህ ቅር!" ብሎት ነበር።

"ምነው፣ ባቴ አስቀናዎት እንዴ?" አለና ሰውዬው ሳቀ።

ዛሬም ያንኑ ለብሶ መጣ። ገመዱን ሊያስር ሲንበረከክ የሽርጡ ጠርዝ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተዘረጋ። ኢሽቤል ልቧ ተነካ። እንዲህ ያለው ሽርጥ ሲሰፋ ባለቤቱን አንበርክከው ነው የሚለኩት፤ ጠርዙ መሬት አይነካም። ይህ እንግዲህ በቁመት ለሚበልጠው ሰው የተሰፋ ነው።

አለቃው ደረሰ። "ሱሪህስ?"

"ሱሪማ አለኝ፣ ጌታዬ። ይሄን ግን ባለቤቱ ካረፈ ወዲህ እኔ ካልለበስኩት ሌላ የሚለብሰው የለም" አለና፣ ሁለተኛውን ገመድ ለመቀበል እጁን ወደ መርከቧ ዘረጋ።