ያልጠየቅኋቸው ሃያ ዘጠኝ ሰዎች

ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በእህቴ እግር ነው። ይህን ስናገር ሰው ምስጋና ይመስለዋል። ምስጋናም አለበት፤ የሚበዛው ግን እፍረት ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳንግላ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሚኒባስ እንጅባራ ሄጄ እማራለሁ። ኮርሱ አልቆ መመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ የመረጥኩት ርዕስ ማሳቸውን ከጤፍና ከገብስ ወደ ዲከረንስ ዛፍ ስለቀየሩ ገበሬዎች ነበር። አሁን በእኛ አገር ከመንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው እሱ ነው፤ ተተክሎ ያድጋል፣ ከሰል ሆኖ በመኪና ይሄዳል። አርባ ሰዎችን በየቤታቸው ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ። ችግሩ ቋንቋ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳንግላ ከተማ አክስቴ ዘንድ ስላደግኩ የገበሬዎቹን ቋንቋ፣ አውንጊን፣ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ታላቅ እህቴ ግን ከግምጃ ቤት ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏን እዚያው ቀብራ ልጆቿን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት።

«አንተ ወረቀትህን ይዘህ ና» አለችኝ። «ሰዎቹን እኔ እለምንልሃለሁ።»

ከቤት ቤት ዞራ አርባውንም ለመነችልኝ። ስማቸውን አንድ በአንድ ነግራኝ ዝርዝር ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጎኔ ተቀምጣ እያስተረጎመችልኝ አስራ አንድ ሰው ጠየቅን። ከሰዓት በኋላ እኔም አንድ ጥያቄ በአውንጊ ልሞክር ብዬ አፌን ስከፍት አንዲት ልጃገረድ ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘነበ፤ ቀረሁ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ደግሞ ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። በሦስተኛው ምንም ምክንያት አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ቀረሁ። እህቴ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ ሲጮኽ እያየሁ አላነሳም። ስንገናኝ ኔትወርክ ነው እላታለሁ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ትርፍ ክፍለ ጊዜ በነበረኝ ሁለት ቀን መምህራን ክፍል ተቀመጥኩና የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ መጠይቆች ራሴ ሞላኋቸው። «ዛፍ ለምን ተከሉ?» ለሚለው «የተሻለ ገቢ ለማግኘት» እያልኩ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «መሬቱ ስለተጎዳ» እያልኩ ጻፍኩ። ብዕር ቀያየርኩ። ወረቀቶቹ አዲስ እንዳይመስሉ አጣጠፍኳቸው፤ ጥቂቶቹ ላይ ሻይ ጠብ አደረግሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ትክ ብሎ አየኝና «በርታ ወንድሜ፤ አንተን ሳይ እኔም መማር ያምረኛል» አለኝ። አመሰገንኩት።

አማካሪዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። የምዕራፍ አራትን ረቂቅ ካነበበች በኋላ ከነመጠይቆቹ እንድመጣ ነግራኝ ቢሮዋ ሄድኩ። ወረቀቶቹን እያገላበጠች ፈገግ አለች።

«ገበሬዎችህ አንድ ልብ አንድ ቃል ናቸው። እንዲህ የጠራ መረጃ ያመጣልኝ ተማሪ የለም።»

መልስ ሳልሰጥ በሩ ተንኳኳ። ጥበቃው ነው፤ ከኋላው እህቴ ቆማለች። የላስቲክ ጫማዋ እስከ አፉ ጭቃ ነው። የእኔን ስም እየጠራች ግቢውን ስትጠይቅ ውላ ነው እዚያ የደረሰችው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወንድምዓለም! ደህና ነህ? ቆመህ ትሄዳለህ?»

ለካ የጠፋሁት ታምሜ መስሏታል። አማካሪዬ ተነስታ ወንበር ሰጠቻት። እህቴ ግን አልተቀመጠችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«እርስዎ ነዎት አስተማሪው? እባክዎ አይፍረዱበት። አሞት ነው እንጂ ሰነፍ አይደለም። ሰዎቹም አልተቀየሙትም፤ አሁንም ይጠብቁታል። አስራ አንዱን ጠይቋል፣ ሃያ ዘጠኙ ብቻ ናቸው የቀሩት። እኔ አስጨርሰዋለሁ፤ ትንሽ ቀን ይጨምሩለት።»

አማካሪዬ እጇ መጠይቆቹ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔን አላየችኝም። ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ጠርዛቸውን አስተካክላ ወደ እኔ ገፋቻቸው።

«እሺ እናቴ፣ ቀን እጨምርለታለሁ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የማልፍህ ይሄ ረቂቅ ስለሆነ ነው። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ትምህርትህ ዛሬ እዚህ ያበቃ ነበር። ሃያ ዘጠኙን ቅደዳቸው። እያንዳንዱ ቤት ስትደርስ ደውልልኝ፤ ከባለቤቱ ጋር ራሴ እነጋገራለሁ። እህትህ ታስተረጉምልኛለች።»

እህቴ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስንሄድ ግን «እኔ ነኝ ያጠፋሁህ?» አለችኝ።

«አይደለሽም፣ እታለም። እኔ ነኝ።» ያደረግሁትን ነገርኳት። ባለባጃጁ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት፤ ያን ጊዜም የምጨነቀው ሰው እንዳይሰማኝ ነበር።

«ስማቸውን ጽፈህ?»

«ስማቸውን ጽፌ።»

«የእነሱን ቃል አንተ ተናገርክላቸው?»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሚኒባሱ ስትገባ ብቻ «ቅዳሜ ና» አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት የአንድ ሽማግሌ ነበር። ገና ከደጁ ሳንደርስ በትራቸውን ተደግፈው ወጡና ጉንጬን ዳበሱኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነው።

«ተሻለህ ወይ ልጄ? እግዜር ይማርህ!»

ገብተው በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ወጡ። ለእኔ ብለው፣ በዚያ ጉልበታቸው ወርደው ያስቀዱት ነው። እህቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። መታመሜን መጀመሪያ ስትነግራቸው አምናበት ነበር፤ እውነቱን ካወቀች በኋላም አላስተባበለችም። አልታመምኩም እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሽማግሌው ጠርሙሱን ከፍተው እየጠበቁኝ ነበር። ጠጣሁ። በየቤቱም እንደዚያው ሆነ። አንዷ እንቁላል አስቀምጣልኛለች፤ አንዱ በጸሎት ሲያስበኝ መሰንበቱን ነገረኝ። አሜን እያልኩ ብዕሬን አወጣለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው የአንዲት ባልቴትን መልስ ነው። እኔ ለእሳቸው «የተሻለ ገቢ ለማግኘት፤ በውሳኔያቸው ረክተዋል» ብዬ ጽፌላቸው ነበር። እህቴ ጥያቄውን ስታቀርብላቸው ረጅም ጊዜ አሰቡና ቀስ ብለው መለሱ። እሷም ቃል በቃል አስተረጎመችልኝ።

«ልጆቼ ከተማ ገቡ። በሬ የሚጠምድልኝ የለም። ዛፍ በሬ አይፈልግም፣ እረሙኝም አይል፣ ስለዚህ ተከልኩ። አሁን ግን ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የጎረቤቴ ጭስ አይታየኝም። ዛፉ ጋረደኝ። ተነስታ እሳት ታንድድ፣ ታማ ትተኛ፣ አላውቅም።»

ብዕሬን ይዤ ወደ ዛፉ ዞርኩ። እህቴ «ጻፍ እንጂ» አለችኝ፤ ጻፍኩ። አማካሪዬ በስልክ ስታነጋግራቸው ያንኑ ደገሙላት።

ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። በአንዱ እህቴ እህሏን ሳታስገባ ዝናብ መታባት፤ እኔን ይዛ ሰው ቤት ነበረች። ምዕራፍ አራትን ከሥሩ አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ገበሬዎቼ አንድ ቃል መሆናቸው ቀረ። አንዱ የተከለው ጎረቤቱ ስለተከለና ጥላው የእሱን ገብስ ስለገደለበት ነው፤ ሌላዋ ባሏ ሳያማክራት ስለተከለ እስካሁን ተቀይማለች። ጽሑፌን ለፈታኞች ባቀረብኩበት ዲፌንስ ላይ ፈታኙ የባልቴቷን ቃል ጮክ ብሎ አንብቦ «ይህን ለማግኘት ምን ያህል ደከምክ?» ሲለኝ አማካሪዬ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። አለፍኩ። አጨበጨቡልኝ።

በሳምንቱ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ወደየቤቱ ዞሬ እንዳልታመምኩና ያደረግሁትን ሁሉ ልነግራቸው እንደምፈልግ ነገርኳት። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ታሟል ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ብትናገር ይቀልልሃል፣ ትሄዳለህ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ለቅሶ የምደርሰው ለእነሱ፣ እሳት የምበደረው ከእነሱ ነው። ነገ እሷ ዋሽታናለች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ለእኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው።»

«አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። አንተም ለራስህ ንስሐ አባት ንገር።»

ነገርኩ። ለሰዎቹ ግን እስካሁን አልነገርኩም። ሽማግሌው ባለፈው የገና ሰሞን ግምጃ ቤት ገበያ አግኝተውኝ፣ የያዙትን ትተው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ደህና ነኝ፣ አባባ፣ አልኳቸው፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻልኩም።