ወጌሻው ዓሪፍና የበቅሎይቱ ጉልበት

አባ ዓሪፍ የመርሳ ሰው ናቸው፤ ሥራቸውም የከብት ወጌሻነት። በሐብሩ ምድር ካነከሰ በሬ፣ ወለምታ ከያዘው ግመል መካከል በርሳቸው እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው የጉልበቱን ጅማት በአውራ ጣት ይዳብሳሉ፤ እንስሳው ሲሸማቀቅ ደስ ይላቸዋል።

«ጉልበት ዓይን አለው» ይሉ ነበር። «በቅሎ ገደል የምትወርደው በግንባሯ ዓይን እንዳይመስልህ፤ ጅማቷ ነው የሚያይላት። ያመመው ጅማት ገና ያያል።»

ባለቤታቸው ነኢማ በሪህ ተይዘው መራመድ ከተሳናቸው ዓመታት አልፈዋልና ይህን ሲሰሙ አይምሯቸውም።

«ያገሩን አጋሰስ ሁሉ አቁመው የሚስትዎ ጉልበት ብቻ አቃተዎ?»

«ያንቺ ርግጫ በምላስ ነዋ! እሱን አላውቅበትም።»

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ክረምት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ መርሳ ሲገሠግሥ ሕዝቡ በደሴ መንገድ ይጎርፍ ጀመር። ለሁለቱ ሽማግሌዎች የሚሆን መኪና አልተገኘም። ነኢማን የምታወጣ አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች፤ እርሷም በመድፍ ድምፅ ደንብራ ካብ ላይ በመውደቋ አንድ ጉልበቷ አብጦ መርገጥ ተስኗታል።

የእንስሳት ሐኪሟ ሊዲያ ጓዟን አዝላ በደጃቸው ስታልፍ አባ ዓሪፍ መንገድ ዘጉባት።

«ልጄ፣ በቅሎይቱን ያንን የሚያደነዝዘውን መርፌ ውጊልኝ።»

«አባባ፣ ምን ነካዎት? የሚጠፋው ሕመሙ ብቻ አይደለም እኮ፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍም አታውቅም። ደግሞ ለማን ነው የምናገረው! እርስዎ አይደሉ እንዴ—»

«እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ነኢማን ለማን ልተዋት?»

ሊዲያ ጓዟን አውርዳ በቅሎይቱን ወጋቻት።

በቅሎይቱ ምንም እንዳላገኛት ሁሉ ተነሥታ ሰገረች። ነኢማ ከኮርቻው ላይ ሆነው «ይኸው በስተርጅና ሙሽራ ሆንሁ፤ ሚዜ ብቻ ነው የጎደለኝ!» አሉ። አባ ዓሪፍ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ከዚያች አንዲት እግር አልተነቀለም፤ ሰኮናዋ ድንጋይ በሳተ ቍጥር ልባቸው ይቆረጥ ነበር።

ወደ ውርጌሳ ሲቃረቡ አስፋልቱ በተፈናቃይና በከብት ስለ ታጨቀ በወንዙ ቁልቁለት ወረዱ። እዚያ፣ የደነዘዘው ጉልበት መሬት በሌለበት ረገጠ። በቅሎይቱ አልጮኸችም፤ አልተንፈራገጠችም፤ እንዲያው ታጥፋ ተንከባለለች። ነኢማ ከሥሯ ነበሩ።

«ዓሪፍ» አሉ፣ ባላቸውን አንድ ቀን እንኳ በስም ጠርተው የማያውቁት ሴት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መንገደኞቹ ቆመው የጀናዛ ሶላት ሰገዱባቸው፤ በማያውቁት መንደር ዳር ቀብረዋቸውም ጕዟቸውን ቀጠሉ። የዐሥር ሶላት ሲቃረብ የመርፌው ኃይል አለቀ፤ በቅሎይቱም ከወንዙ ዳር ታቃስት ጀመር።

አንድ አላፊ ወደ አባ ዓሪፍ ቀርቦ «አባባ፣ በቅሎዎ ተጎድታለች» አላቸው።

«እየሰማሁ ነው» አሉ።

እጃቸውን ከመቃብሩ አፈር ላይ እንዳሳረፉ ነበር። አልተነሡም።